ሁለተኛውን ሲስተም ነቅለው ዲስኬን ላሰፉልኝ ለክቡር የአይሲቲ ክፍል ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር አቶ ፀጋአብ ላሊሶ
የዳሞታ በር ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል የአይሲቲ ክፍል ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በመላው ማዕከላችን አንድ ብቻ ሆኖ በእርስዎ ጠረጴዛ ሥር ለተቀመጠውና የእጅ ስልክዎን ሲመግብ ለሚውለው ዩፒኤስ የተባለ የመብራት መጠባበቂያ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኛ የበታቾችዎ መብራት ሲሄድ አብረን እየሄድን፣ ሲመጣ አብረን እየመጣን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። ከዚህ በፊት በታሸገ ፖስታ የላክሁልዎ ማመልከቻዎች ሁሉ «ይታያል» የሚል ምሪት ተጽፎባቸው ጠረጴዛዎ ላይ ስለቀሩ፣ ይኸኛው እንኳ በሌላ ሰው ቢታይ ብዬ ነው። ማየትን በተመለከተ የእኔ ነገር የታወቀ ነው። የእርስዎን ግን እስካሁን ማረጋገጥ አልቻልሁም።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ በማዕከሉ የሕግ ባለሙያ የሆንሁት ማኅሌት እሸቴ ነኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዐይኖቼ አያዩም። ክቡርነትዎ ይህን በሚገባ ያውቃሉ፤ እንዲያውም በኮሪደር ባገኙኝ ቁጥር ከተራራ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ አድርገው ሰላም ስለሚሉኝ፣ ጆሮዬንም በራስዎ ሥልጣን እንደዘጉት እገምታለሁ።

በጠረጴዛዬ ላይ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ሲስተሞች በሰላም ይኖሩ ነበር። አንደኛው ሁላችሁም የምትጠቀሙበት ዊንዶውስ ነው። ከፋብሪካው ይዞት የመጣው፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያሰማው አንባቢ ፕሮግራም እንግሊዝኛ ሲሆን ይንጣጣል፤ የአማርኛ ፊደል ሲያይ ግን አፉ ይያያዛል። ስለዚህ «ዝምተኛው» እለዋለሁ። ሁለተኛው ኡቡንቱ የሚባለው ነበር፤ እሱን «ባለአፉ» እለዋለሁ። ድምፁ ጉንፋን የያዘው መርማሪ ፖሊስ ይመስላል፤ «ጠ»ንና «ጸ»ን እንደ ጠጠር ይተፋቸዋል። ቢሆንም የጻፍሁትን አቤቱታ ከራስጌ እስከ ግርጌ ያለ ይሉኝታ ያነብልኛል፤ የተሳሳትሁትን ፊደል እንኳ እንደተሳሳትሁት ጠርቶ ያሳፍረኛል። እኔ ደመወዝ የምበላው በባለአፉ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ስለተደረገልኝ ውለታ ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ሳልጠይቅዎ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። የዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ክፍሌ ገብተው፣ ወንበሬን በትሕትና ከሥሬ ወስደው፣ «ማኅሌት፣ ይሄ ሁለተኛ ሲስተም እኮ ቦታ ይዞብሻል። ላጥፋልሽና ዲስክሽ ይስፋ» ሲሉኝ፣ ቦታ ጠቦኝ ሳላውቅ በመኖሬ አፈርሁ። «ክቡር ሆይ፣ የሚያነብልኝ እኮ እሱ ነው» ብዬ ለማስረዳት ሞከርሁ። «ቡርሃን አለልሽ አይደል? እሱ ያነብልሻል» አሉኝ። የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ አቶ ቡርሃን በዚያች ሰዓት ፋይል ታቅፎ በሩ ላይ ነበርና «እኔ የራሴንም የማነበው በመከራ ነው፣ መነጽሬ ተሰብሯል» ሲል ሰማሁት። ክቡርነትዎ ግን በመልካም ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ወደ ኋላ እንደማያይ አሳዩን።

ሁለተኛ። ስለ ድንበር ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ይህን ለመረዳት አንባቢ የአንድን ዲስክ አቀማመጥ ማወቅ አለበት። ዲስኩ እንደ አንድ ረጅም ማሳ ለሦስት ተከፍሏል። በስተግራ ሲ የሚባለው የዝምተኛው ይዞታ ነው፤ በስተቀኝ ጫፍ የባለአፉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ዲ የሚባለው የእኔ ሥራ የተቀመጠበት ክፍል። እርስዎ ባለአፉን ከቀኝ ጫፍ ነቅለው ቦታውን ባዶ ካደረጉ በኋላ፣ ያን ባዶ ለሲ ለመስጠት ቢሞክሩ ኮምፒውተሩ አሻፈረኝ አለ። ምክንያቱም ሲ ሊሰፋ የሚችለው አጠገቡ ወዳለ ባዶ ቦታ ብቻ ነው፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ የእኔ ዲ ነው። የጎረቤትን ማሳ ዘሎ ከማዶው መሬት ጋር መዋሐድ እንደማይቻል የዲምቱ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ዲን ወደ ቀኝ ማንቀሳቀስ፣ ወይም ባዶውን ለራሱ ለዲ መስጠት፣ ወይም ምሳ መብላት የሚባሉ አማራጮችን ያስብ ነበር። ክቡርነትዎ ግን «ኧረ እንዲያውም ይሄ መሐል ያለውም አያስፈልግም» ብለው ችግሩን ከሥሩ መንቀል ጀመሩ።

«ክቡር ሆይ፣ ዲ ላይ የባለጉዳዮቼ ሥራ አለ» አልሁ።

«ዳታ የሚቀመጠው ዶክመንትስ ውስጥ ነው፤ አትጨነቂ።»

ቡርሃን ፋይሉን አስቀምጦ ዐይኑን ከስክሪኑ አስጠጋና በዚያ መከረኛ ዐይኑ እየተንተባተበ አነበበ። «በዚህ ክፍል ላይ ያለ መረጃ ሁሉ ይጠፋል ይላል፣ አቶ ፀጋአብ። ትቀጥላለህ ወይ ብሎ እየጠየቀ ነው።»

«እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው» አሉና ተጫኑት።

ያን የማውስ ድምፅ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። እንደ ቁልፍ ቀጭ አለ። ወዲያው ቀጥሎ፣ እርስዎ «አሁን ማስፋት ብቻ ነው የቀረን» እያሉ ሳለ መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቆመ፤ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሁሉ በአንድ ድምፅ «ውይ!» አሉ። ወደዚህ የኤሌክትሪክ ኃይል መቋረጥ በኋላ እመለሳለሁ፤ በሕይወቴ መብራት በመጥፋቱ የተጠቀምሁት ያኔ ብቻ ነውና።

ሦስተኛ። መብራቱ ሲመለስ ስላየነው ተአምር አመሰግናለሁ። ኮምፒውተሩን ሲያበሩት ዝምተኛውም ባለአፉም ጠፉ። «ቡርሃን፣ ምን ይላል?» አልሁት። «ጥቁር ነው። አንድ መሥመር ብቻ አለ፤ ግሩብ ረስኪዩ ይላል» አለኝ። ለካስ ጠዋት ጠዋት የትኛው ሲስተም እንዲነሣ የሚመርጠው ግሩብ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም የሚያድረው በነቀሉት በባለአፉ ክፍል ውስጥ ኖሯል። ዘበኛውን ከነቤቱ አፍርሰው በሩ ለምን አልተከፈተም ብለው ተቆጡ። ቡርሃን «ረስኪዩ ማለት ማዳን አይደል? ታዲያ ያድነን እንጂ» ሲል፣ እርስዎ «ዝም በል» አሉት። ቀጥለውም «ሰኞ ሙሉውን ፎርማት አድርጌ አዲስ እጭናለሁ» የሚል ውሳኔ ሰጥተው ሄዱ። የመሄድ ፍጥነትዎን ሁልጊዜ አደንቃለሁ።

አሁን ደግሞ ዲ ላይ ምን እንደነበረ ልንገርዎ። ያኔ ለመጠየቅ ጊዜ ስላልነበረዎ ነው።

ከዲምቱ ከተማ ወጣ ብሎ የሚኖሩ እማማ አዛለች የሚባሉ ባለጉዳይ አሉኝ። ባላቸው ካረፉ በኋላ የባላቸው ወንድም አቶ ጸሐዬ አጥሩን ነቅሎ የእንሰትና የጎዳሬ ማሳቸውን ከራሱ ጋር ቀላቀለው። አገር ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ እኔም ተጠርቼ ሄድሁ፤ ሁሉም ፈቅደው ንግግሩን በስልኬ ቀዳሁት። በዚያ ጉባኤ መካከል አቶ ጸሐዬ ራሱ፣ በራሱ አንደበት፣ «መሬቱ የአዛለች ነው። ወንድሜ ሲሞት አደራ ብሎኛል። አጥሩን ወደ ቦታው እመልሳለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ በየቤታችን ገባን። ሳይውል ሳያድር ግን ሰውየው የተናገረውን ረሳው። ሽማግሌዎቹም እንደምታውቁት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ፍርድ ቤት ቀርበው ከእሱ ጋር መቃቃሩን አልፈለጉትም። ስለዚህ በክሱ ላይ ዋና ማስረጃ አድርጌ የዘረዘርሁት ያን ድምፅ ነበር።

ድምፁን ወደ ዲ ካሸጋገርሁ በኋላ ስልኬ በመናኸሪያው ግፊያ መካከል ከቦርሳዬ ወጥቶ ለማላውቀው ሰው ማገልገል ጀመረ። ሌላ ቅጂ በፍላሽ እንዳልይዝ፣ ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል ብለው በሰርኩላር ከልክለዋል። በማዕከሉ ሰርቨር ላይ ቦታ እንዲሰጠኝ ያመለከትሁት ደግሞ «ይታያል» ተብሏል። እንግዲህ የአንዲት ሴት ማሳ በሙሉ እርስዎ «አያስፈልግም» ባሉት በዚያ መካከለኛ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ነበር።

አራተኛ። ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ውለታዎ ስለሆነ ትንሽ እንድረዝም ይፍቀዱልኝ። በማግስቱ በማዕከሉ መግቢያ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ። ቡርሃን ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፤ የመጀመሪያውን አላመንሁትም ነበርና። «ክፍላችን ባካሄደው የተሳካ የዲስክ ማስፋፋት ሥራ ወቅት በድንገተኛ የኃይል መቋረጥ ምክንያት በሕግ ባለሙያ ማኅሌት እሸቴ ኮምፒውተር ላይ የነበሩ የባለጉዳዮች ሰነድና የድምፅ ማስረጃዎች ላይመለሱ የጠፉ ስለሆነ፣ ባለጉዳዮች በትዕግሥት እንዲጠብቁ እናሳስባለን» ይላል። የተሳካ የሚለውን ቃል የት እንዳስገቡት ልብ ይሏል።

ማስታወቂያው ከሶዶ ዲምቱ ለመድረስ ከሚኒባስ ይልቅ ፈጠነ። እስከዚያ ቀን ድረስ አቶ ጸሐዬ ድምፁን ፈርቶ ለእርቅ ሰው ይልክ ነበር፤ ግማሹን ልመልስ፣ አጥሩን በመካከል እናድርገው እያለ ይለማመጥ ነበር። ማስታወቂያውን በሰማ ዕለት ለእማማ አዛለች ደውሎ «ድምፁ ሞቷል አሉ። እንግዲህ አንቺም አርፈሽ ተቀመጪ» አላቸው።

እማማ አዛለች ሲነጋጋ በመጀመሪያው መኪና ተሳፍረው መጡ። ዝናብ አግኝቷቸው ኖሮ ነጠላቸው እርጥብ እርጥብ ይሸት ነበር። ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። በወላይትኛ «ልጄ፣ እውነት ነው?» አሉኝ። አዎ እንዳልላቸው ተስፋ ነበረኝ፤ አይደለም እንዳልላቸው ጥቁር ስክሪን ፊቴ ተገትሯል። የሆነውን እንዳለ ነገርኋቸው፤ ማን እንደነቀለ፣ ለምን እንደነቀለ። ካዳመጡኝ በኋላ «እኔ አጥሬን ይመልሱልኛል ብዬ ነው የመጣሁባችሁ» አሉ። «እናንተ ደግሞ የራሳችሁን አጥር ትነቅላላችሁ?»

ክቡር ሆይ፣ በሕግ ትምህርት ቤት ለብዙ ጥያቄ መልስ ተምሬአለሁ። ለዚህ ግን አልተማርሁም። እጃቸውን ያዝሁ። እጃቸው እንሰት ሲፍቅ የኖረ ሻካራ እጅ ነው። ከዚያ ዕለት በፊት በእርስዎ ላይ የነበረኝ ስሜት ብስጭት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ስሙን በአደባባይ ደብዳቤ ላይ የማልጽፈው ሆነ።

እሳቸውን ከሸኘሁ በኋላ ነበር የመብራቱ ነገር ትዝ ያለኝ። መብራቱ የሄደው እርስዎ ዲን ካጠፉ በኋላ፣ ነገር ግን ሲን በላዩ ላይ ከማስፋትዎ በፊት ነው። አንድ ክፍል ከዲስክ ላይ ሲሰረዝ የሚጠፋው በመጀመሪያው ገጽ ያለው የድንበሩ ምልክት ነው እንጂ በማሳው ላይ ያለው አዝመራ አይደለም። ሌላ ሰው ገብቶ እስካላረሰበት ድረስ የተዘራው ሁሉ እዚያው አለ። ዝምተኛውም ባለአፉም አልነሣ ስላሉ ደግሞ ከዚያ ወዲያ በዲስኩ ላይ አንዲት ፊደል የጻፈበት አልነበረም። ስለዚህ ላመሰግነው የሚገባኝ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱን ነው፤ ለእርስዎ የቀረው ምስጋና ግን አሁንም ብዙ ነው።

የማዕከሉን ሥራ አስኪያጅ አስፈቅጄ ቅዳሜ ጠዋት ከቡርሃን ጋር ቢሮ ገባን። በቦርሳዬ ውስጥ በሰርኩላርዎ የተወገዘች ፍላሽ ነበረች፤ ባለአፉን በመጀመሪያ የጫንሁባት ናት። ኮምፒውተሩ ከውስጡ ሳይሆን ከፍላሿ እንዲነሣ ማድረግ ነበረብን። ለዚህ የሚያስፈልገው የምርጫ ገጽ ግን ድምፅ የለውም፤ የቡርሃን ዐይን የግድ አስፈለገ። እሱም መነጽሩን አስጠግኖ መጥቶ ነበርና ከፋብሪካው ስም ጀምሮ የተጻፈውን ሁሉ፣ የማያስፈልገውንም፣ እንደ አዋጅ ያነብልኝ ጀመር።

«ቡርሃን፣ ፍላሽ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«ቆይ፣ ገና እሱ ጋ አልደረስሁም።»

ደረሰ። ተጫነው። ትንሽ ቆይቶ ከስፒከሩ ያ የታፈነ፣ ያ የተወደደ መርማሪ ፖሊስ ተናገረ። ቡርሃን «አልሐምዱሊላህ! ጉንፋኑ አለቀቀውም እንጂ ሕያው ነው» ብሎ ጮኸ፤ የግቢው ጥበቃ ሌባ የገባ መስሎት በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔው ሠራሁት። የጠፋ ክፍል የሚፈልግ ፕሮግራም አለ፤ ስዕልም ቁልፍም የለውም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው። ዐይን ላለው ሰው አስቀያሚ ነው ይባላል፤ ለእኔ ግን ባለአፉ እያነበበልኝ በጆሮዬ የምሄድበት ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸ። እሱ ሲፈትሽ እኔ ጥፍሬን በላሁ፤ ቡርሃን ዱዓ አደረገ። በመጨረሻ ባለአፉ የእኔን ክፍል ስም በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ጠራ። በዚህ ዓለም ላይ ስሙ ሲጠራ እንዲህ ያስደሰተኝ ፍጥረት የለም። ድንበሩን ወደ ቦታው ጻፍሁት፤ ዲ ተመለሰ። ሌላ ነገር ሳልነካ በቅድሚያ ሁሉንም ወደ ሌላ ፍላሽ ገለበጥሁ። ከዚያ የዲምቱን ድምፅ ከፈትሁት። ዶሮ ጮኸ። አንድ ሽማግሌ ሳለ። አቶ ጸሐዬ ጉሮሮውን ጠርጎ «መሬቱ የአዛለች ነው» አለ።

ቡርሃን ሲስቅ ሰማሁት፤ እኔን ግን እንባ ቀደመኝ።

ለእማማ አዛለች ደውዬ ነገርኋቸውና ከሥራ አስኪያጁ በቀር ለማንም እንዳይወራ መስማማታችንን ገለጽሁላቸው። «እማማ፣ ዝም ማለት ይችላሉ?» አልኋቸው። «ልጄ፣ ስንት ዘመን ባል አግብቼ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ዝምታ ያቅተኛል?» አሉኝ። ሰኞ ክቡርነትዎ መጥተው «እህ፣ ፎርማት ላድርግልሽ?» ሲሉኝ «ስለ አሳብዎ አመሰግናለሁ፤ ከቀጠሮዬ በኋላ ይሁንልኝ» ማለቴ ከዚህ የተነሣ ነው። ማስታወቂያዎ ግን በሩ ላይ እንዲቆይ ተውሁት። አንድም ቃል አላስነሣሁበትም፤ የኃላፊን ሥራ ማክበር ይገባልና።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አቶ ጸሐዬ ጫማውን አስጠርጎ፣ በሰፊ ርምጃ እየተራመደ ገባ፤ ርምጃውን ከአገባቡ ለየሁት። ድምፁን ፈርቶ ቢሆን ኖሮ ጠበቃ እንደሚመክረው ሁሉ «አላስታውስም»፣ «በሌላ መንገድ ነው ያልሁት» እያለ ነገሩን ባድበሰበሰው ነበር። እርስዎን አምኖ ስለመጣ ግን ምንም አላድበሰበሰም። ሽምግልና የሚባል ነገር አልተቀመጥንም አለ። ሽማግሌዎቹን በዚያ ጉዳይ አግኝቻቸው አላውቅም አለ። እንዲያውም በዚያ ቀን ዱቦ ሆስፒታል የታመመ ዘመድ እየጠየቅሁ ነበር አለ። ዳኛዋ ረጋ ብለው «በቃለ መሐላ ነው የሚናገሩት፤ እርግጠኛ ነዎት?» አሉት።

«እርግጠኛ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ።»

በማስረጃ ዝርዝራችን ላይ ያለው ድምፅ እንዲሰማ አመለከትሁ። ተፈቀደ። ዶሮው ጮኸ፤ ሽማግሌው ሳለ፤ አቶ ጸሐዬ ጉሮሮውን ጠርጎ ተናገረ። ይኸኔ አቶ ጸሐዬ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ በሙሉ ድምፅ፣ «ይሄ እኮ ጠፍቷል ተብሎ ተለጥፎ ነበር!» አለ።

ዳኛዋ «ምኑ ነው የጠፋው?» አሉት።

ከኋላዬ እማማ አዛለች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሲንፈቀፈቁ ይሰማኝ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ እሳቸውም ያኔ አልለዩትም። አቶ ጸሐዬ የቀረውን ራሱ ጨረሰው፤ አጥሩን ወደ ነበረበት እንደሚመልስ አምኖ ቃሉን ሰጠ፣ ፍርድ ቤቱም በዚያው ወሰነ። እማማ አዛለች ባለፈው ሳምንት ደውለው እንሰቱን በድንበራቸው ጥግ ጥግ እየተከሉ እንደሆነ ነግረውኛል። ለእርስዎም ሰላምታ ልከዋል፤ የላኩትን ሙሉ ቃል ግን ለጽሑፍ እንዲመች አድርጌ መቀነስ ግድ ሆኖብኛል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እውነቱን እንነጋገር። ድምፁን ማዳን የእኔ ሥራ ነበር። ሰውየውን በሐሰት ላይ አቁሞ፣ ቀንና ቦታ እያስጠቀሰ፣ ማምለጫ መንገዱን ሁሉ በራሱ እጅ ያስዘጋው ግን የእርስዎ ማስታወቂያ ነው። በሰባት ጠበቃ የማይገኝ ሥራ በአንድ ወረቀትና በአራት ስፒል ሠርተዋል። ለዚህ የሚገባዎትን ክብር ማንም እንዳይነሣዎ ስል ነው ይህን ሁሉ በአደባባይ የጻፍሁት።

ከምስጋናዬ ጋር ትንሽ ልመና አለኝ። እርስዎ ባዶ ያደረጉት የቀኝ ጫፍ ለሲም ለዲም አልተቀላቀለም፤ ባለአፉን እዚያው ወደ ቀድሞ ቦታው መልሼ ተክየዋለሁ፤ የመነሻውንም ነገር አስተካክያለሁ። ሁለቱም ጠዋት ጠዋት በሰላም ይነሣሉ፤ አንዱ ሌላውን ቦታ ያዝህብኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ክቡርነትዎ ወደ ክፍሌ መምጣት ሲያስፈልግዎ ሁልጊዜም ደስታዬ ነው፤ ሻይ አለ፤ ወንበርም አለ። ማውሱ ግን ከዛሬ ጀምሮ በመሳቢያዬ ውስጥ ይቆለፋል። እኔ ድሮም አልጠቀምበትም።

የክቡርነትዎ ሰፊ አመለካከት ከዲስኬ በላይ እንዲሰፋ እየተመኘሁ፣ በደረስዎበት ሁሉ የሚታዘዝ መብራት፣ የማይጠይቅ ኮምፒውተርና የማያነብ ሠራተኛ እንዲገጥምዎ ከልብ እየጸለይሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በማያንስ ጥንቃቄ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ትሑት ባልደረባ
ማኅሌት እሸቴ
የሕግ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ፣ እንዲያውቁት
ለመዝገብ ቤት፣ አቶ ቡርሃን ጮክ ብለው እንዲያነቡት
ለመግቢያው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ ጋር አያይዤ ለእርስዎ በግል የላክሁት ወፍራም ወረቀት ባዶ አይደለም፤ የዚሁ ደብዳቤ የብሬይል ቅጂ ነው። ለእርስዎ ይሻላል ብዬ እኔው መረጥሁልዎ። ማንበብ ካልቻሉ በራስዎ አይፍረዱ፤ ጥፋቱ የዚያ ምን ይመችዎታል ብሎ ሳይጠይቅ የመረጠልዎ ሰው ነው።